ግጭቱ ያልገደላቸው ስድስት መንገደኞች

የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ሪፖርት ለመዝናናት የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም። ቋንቋው ደረቅ፣ ቁጥሩ የበዛ፣ ሐዘኑ የተሰወረ ነው። እኔ ግን እነዚህን ሪፖርቶች የማንበብ ልማድ ካደረብኝ ዓመታት ተቆጥረዋል። በአብዛኞቹ ውስጥ የማገኘው ታሪክ ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ዕቃ ተበላሽቷል፣ አንድ ሰው ተሳስቷል፣ ሰዎች ሞተዋል። ጥቂቶቹ ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ሰዎቹ የሞቱት አውሮፕላኑ ስለወደቀ ነው? ወይስ ከወደቀ በኋላ የሚወጡበት ስላጡ?

የካናዳ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ይፋ ያደረገው አንድ ሪፖርት ከእነዚህ ጥቂቶች ይመደባል። ጉዳዩ ስምንት ሰዎችን ይዞ ሲነሳ የወደቀ የአንድ አነስተኛ የውኃ ላይ አውሮፕላን አደጋ ነው። በሟቾች ቁጥር ከታላላቆቹ የአየር አደጋዎች ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቢሆንም አንድ መንግሥት አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ሕግ ለማድረግ ስንት ዓመት ሊፈጅበት እንደሚችል ከዚህ አደጋ የተሻለ አስረጂ አላገኘሁም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2009 (ኅዳር 20 ቀን 2002 ዓ.ም.) ነው። ቦታው በምዕራብ ካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የሳተርና ደሴት ናት። በዚያ አካባቢ በርካታ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ነዋሪዎቻቸው ወደ ዋናው የብስ የሚሻገሩት በጀልባ ወይም በውኃ ላይ አውሮፕላን ነው። ለእኛ እንግዳ ቢመስለንም ለእነርሱ የዘወትር መጓጓዣ ነው።

የውኃ ላይ አውሮፕላን በጎማ ፋንታ እንደ ታንኳ የተሠሩ ሁለት ተንሳፋፊዎች ከሆዱ ሥር የተገጠሙለት ነው። አስፋልት አይፈልግም፤ ሐይቅ፣ ወንዝ ወይም የተከለለ የባሕር ወሽመጥ ይበቃዋል። ለመነሳት ግን ከየብሱ አውሮፕላን የበለጠ ይቸገራል። በመጀመሪያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ውኃውን እየገፋ ይሄዳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ተንሳፋፊዎቹ ከፍ ብለው በውኃው ገጽ ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው። ከተነሳም በኋላ ተንሳፋፊዎቹ ክብደታቸውንም የአየር ጉተታቸውንም ይዘው አብረውት ይወጣሉ። ስለዚህ ዙሪያው ኮረብታ ከሆነ፣ ነፋሱ ከተዛባና ጭነቱ ከከበደ አብራሪው የቀረው ትርፍ አቅም በጣም ጠባብ ነው።

በዚያን ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ዲኤችሲ-2 ቢቨር የተባለው አውሮፕላን አንድ አብራሪና ሰባት መንገደኞች ይዞ ሊያል ከተባለው ወሽመጥ ወደ ቫንኩቨር ተነሳ። ከመንገደኞቹ አንዷ ሕፃን ነበረች። አውሮፕላኑ ከውኃው ከተላቀቀ በኋላ ኮረብታውን የሚያልፍበት ከፍታ ማግኘት አልቻለም። አብራሪው ሲጠመዝዝ አውሮፕላኑ ከአየር ላይ ወርዶ ውኃውን መታ። የደሴቲቱ ነዋሪዎች በጀልባ ደርሰው አብራሪውንና አንዲት መንገደኛን አተረፉ። የቀሩት ስድስቱ አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳሉ አብረውት ሰጠሙ።

ለምን ወደቀ?

ክንፍ አውሮፕላንን የሚሸከመው አየሩ በላዩ ላይ ሳይቋረጥ ሲፈስ ነው። ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ሲወርድ ወይም አውሮፕላኑ በኃይል ሲታጠፍ ፍሰቱ ይቋረጥና ክንፉ የማንሳት ኃይሉን በድንገት ያጣል። አብራሪዎች ይህንን ስቶል ይሉታል። ከፍታ ካለ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት በመሰብሰብ ማዳን ይቻላል። ከውኃው ጥቂት ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ለመዳኛ የሚሆን ቦታ የለም።

ቦርዱ የደረሰበት ድምዳሜ ይኸው ነው። የአየሩ ሁኔታና የመጠምዘዙ ኃይል ተደማምረው ክንፉን ከአቅሙ በላይ ጫኑት። ስቶል መቅረቡን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ አይሠራም ነበር፤ ቢቨር ደግሞ በባሕርዩ ስቶል ሲቃረብ በግልጽ የሚንቀጠቀጥ አውሮፕላን አይደለምና አብራሪው አደጋው እስኪደርስ ምልክት አላገኘም። የክብደት ማዕከሉም ከተፈቀደው ወሰን አልፎ ወደ ኋላ ያደላ ስለነበር አውሮፕላኑን መልሶ ማስተካከል ከባድ ሆነ።

ይህ ዓይነቱ ምክንያት ለውኃ ላይ አውሮፕላኖች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2015 በአሜሪካ አላስካ ግዛት፣ ኢሊያምና አቅራቢያ ከሚገኝ ሐይቅ ገና ሳይነጋ ሊነሳ የሞከረ ኦተር የተባለ አውሮፕላን ተከሰከሰ። ከያዛቸው 10 ሰዎች ሦስቱ ሞቱ። የአሜሪካ መርማሪዎች ያገኙት በጨለማ ለመነሳት መወሰኑን፣ በክብደቱም ሆነ በክብደት ማዕከሉ ከወሰን ያለፈ ጭነትን ነው። በሐይቅ ላይ የመንገደኛውንና የሻንጣውን ሚዛን የሚመዘግብ የአየር ማረፊያ ሠራተኛ የለም፤ ሚዛኑ አብዛኛውን ጊዜ የአብራሪው ዓይን ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የተለመደው ታሪክ ነው። አብራሪዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ፣ መሣሪያዎች ይጠገኑ፣ ጭነት ይመዘን ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሁለት በሮች

የሳተርናው አውሮፕላን አራት በሮች ነበሩት። በግጭቱ ሁለቱ ተጣመው አልከፈት አሉ። የአብራሪው መቀመጫ በመሰበሩና ሰውነቱን የያዘው ነገር ባለመኖሩ ክፉኛ ተጎድቶ ነበርና መንገደኞቹን ሊረዳ አልቻለም። ስድስቱ ሰዎች የሞቱት በመስጠም ነው።

ይህንን ነገር ለመረዳት ተንሳፋፊ የተገጠመለት አውሮፕላን ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ተንሳፋፊዎቹ ወደ ላይ፣ መንገደኞቹ ወደ ታች ይሆናሉ። ውኃው በሰከንዶች ውስጥ ይሞላል። ቀኝና ግራ ይደባለቃል፤ በቀኝህ የነበረው የበር እጀታ የት እንደሄደ አታውቅም። የካናዳ ውኃ በኅዳር ወር እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅዝቃዜው ትንፋሽን ይነጥቃል። አንድ ሰው ቀበቶውን ቀድሞ ከፈታ መቆሚያ አጥቶ በጨለማ ውስጥ ይንሳፈፋል። ካልፈታ ደግሞ ታስሮ ይቀራል። ባለሙያዎች የሚያስተምሩት አንድ እጅ መውጫውን ሳይጨብጥ ሌላው እጅ ቀበቶውን እንዳይፈታ ነው። ይህንን ያልተለማመደ መንገደኛ በዚያች ሰዓት ከየት ያመጣዋል?

ቦርዱ በሪፖርቱ ያስቀመጠው ቁጥር ሐቁን ይናገራል። በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ውኃ ላይ ወድቀው በሰጠሙ አውሮፕላኖች ከሞቱት ሰዎች 70 በመቶ ያህሉን የገደለው መስጠም ነው። በሌላ አነጋገር ከሞቱት አብዛኞቹ በመውጫና በመንሳፈፊያ እጦት ያለቁ ናቸው።

ስለዚህ ቦርዱ ሁለት ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። አንደኛው፣ ለንግድ የሚሠሩ የውኃ ላይ አውሮፕላኖች ነባሮቹን ጨምሮ ከግጭት በኋላ በፍጥነት የሚከፈቱ በሮችና የአደጋ ጊዜ መውጫዎች ይኑሯቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ የሚያንሳፍፈውን መሣሪያ ከመነሳቱ በፊት በላዩ ላይ ይልበስ የሚል ነው። ከመቀመጫ ሥር ያለ ጃኬት ተገልብጦ ውኃ ለሞላው ሰው የለም ማለት ነው። አንድ ሰው እየሰጠመ ጎንበስ ብሎ ከረጢት አይከፍትም።

ሃያ አምስት ዓመት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቦርዱ ይህንን ያወቀው በሳተርና አደጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ከውኃ ላይ አውሮፕላን አደጋ ስለ መትረፍ የሚመለከት ራሱን የቻለ የደህንነት ጥናት አሳትሞ ነበር። ከጥናቱ እስከ አደጋው 15 ዓመት አለፈ።

ከአደጋው በኋላስ? ምክረ ሐሳቡ የወጣው በ2011 ነው። ሕጉ የወጣው በማርች 2019 ነው። ይህም ደንብ መንገደኞች መንሳፈፊያ እንዲለብሱ ለማድረግ ኩባንያዎች 18 ወር፣ አብራሪዎች ከሰጠመ አውሮፕላን የመውጣት ሥልጠና እንዲወስዱ ደግሞ 36 ወር ሰጠ። በ1994 የታወቀው ነገር አስገዳጅ የሆነው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። መውጫዎቹን በተመለከተ ደግሞ የ2019ኙ ደንብ ነባር አውሮፕላኖች በሮቻቸውንና መስኮቶቻቸውን እንዲቀይሩ አላስገደደም።

በመካከሉ ውኃው ደንብ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሊላቤል በተባለ ሐይቅ ላይ ሊያርፍ የሞከረ ሌላ ቢቨር ተገለበጠ። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ወጣ፤ አብራሪውና ሌላው መንገደኛ ሰጥመው ሞቱ። በካናዳ ብቻ የቀረ ነገርም አይደለም። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በምዕራብ አውስትራሊያ ከሮትነስት ደሴት ሲነሳ የተከሰከሰው የውኃ ላይ አውሮፕላን ሰባት ሰዎች ይዞ ነበር፤ ሦስቱ ሞተዋል።

ለፍትሐዊነት ያህል የዘገዩትን ወገኖች ክርክርም ማየት ይገባል። ቢቨር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1947 ነው፤ ምርቱ በ1967 እስኪቆም ድረስ ከ1,600 በላይ ተሠርቷል። ዛሬም ብዙዎቹ ይሠራሉ። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው ሁለትና ሦስት አውሮፕላን ያላቸው አነስተኛ ድርጅቶች ናቸው። የስድሳና የሰባ ዓመት አውሮፕላን በር መለወጥ ገንዘብ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሕጉ መሠረት ወጪና ጥቅም ማመዛዘን፣ ባለድርሻዎችን ማማከር፣ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ አለበት። እያንዳንዱ ደረጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው።

ችግሩ ደረጃዎቹ ሲደመሩ ነው። በዓመት ውስጥ የሚሞቱት ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት በመሆናቸውም ወጪውን የሚያሸንፍ ክብደት በወረቀት ላይ አይኖራቸውም። የሚሞቱትም በአንድ ላይ ሳይሆን እዚህ ሁለት፣ እዚያ ስድስት እየሆኑ ነው። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ቢወድቅ በሳምንት ውስጥ የሚወሰነው ነገር ለትንንሾቹ አሥር ዓመት ይፈጃል። ደግሞም ማድረግ የማይቻል ነገር አልነበረም። ከሳተርና አደጋ በኋላ የቢቨር ዲዛይን ባለቤት የሆነው ኩባንያ በእጅ ሲገፋ ተነቅሎ የሚወጣ መስኮት አዘጋጅቷል፤ ሕጉን ሳይጠብቁ የገጠሙ፣ መንገደኞቻቸውንም ጃኬት ያስለበሱ ድርጅቶች አሉ። መፍትሔው በገበያ ላይ ነበር። የጎደለው ሁሉንም የሚያስገድድ ቃል ነው።

ኮሞሮስን ማስታወስ

ጃኬት መልበስ ብቻውን ያድናል ወይ ለሚል ሰው መልሱ ያለው እዚሁ እኛ ጋ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ በሦስት ጠላፊዎች ተያዘ። ነዳጁ አለቀና ካፒቴን ልዑል አባተ ቦይንግ 767ቱን በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ውኃ ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ሲተርፉ ጠላፊዎቹን ጨምሮ 125ቱ ሞቱ። ከሞቱት መካከል ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳሉ በአየር የሞሉ ነበሩበት። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው ገፍቶ አጣበቃቸው፤ ወደ ታች ጠልቀው በሩን ማለፍ አልቻሉም።

ከሁለቱ አደጋዎች የማገኘው ትምህርት አንድ ላይ የሚሄድ ነው። በሳተርና ጃኬት በአካል ላይ አልነበረም፤ በኮሞሮስ ጃኬቱ ነበረ፣ አጠቃቀሙ ግን ገዳይ ሆነ። መሣሪያ ያለ ትምህርት፣ ትምህርትም ያለ መሣሪያ አይበቃም። የካናዳው ደንብ መንሳፈፊያና ሥልጠናን አጣምሮ የያዘው በከንቱ አይደለም። የበረራ አስተናጋጇ «ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ ጃኬቱን እንዳይነፉ» ስትል ጋዜጣ የምንገልጥ ሰዎች ብናስብበት መልካም ነው።

በማወቅና በማስገደድ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ደግሞ ከዚህም የቀረበ ምስክር አለን። የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ በኦክቶበር 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ በቀጣዩ ወር አስቸኳይ መመሪያ አወጣ፤ አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። የተቆጣጣሪው የራሱ የውስጥ ትንታኔ ሌሎች ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ በዚያው ዓመት መገመቱ ኋላ ላይ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ተገልጿል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች አለቁ። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለፉት አምስት ወራት ሳይሞሉ ነው። አምስት ወርም ቢሆን ሃያ አምስት ዓመት፣ ክፍተቱ ያው ክፍተት ነው።

ምን ይደረግ?

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የደህንነት ምክረ ሐሳብ የቀረበለት አገር በ90 ቀናት ውስጥ ምን እንዳደረገ ወይም ለምን እንዳላደረገ መልስ መስጠት አለበት። የካናዳ ሕግም ለሚኒስትሩ ተመሳሳይ ጊዜ ይሰጣል። መልስ መስጠት ግን ማድረግ አይደለም። «ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤም መልስ ነው።

እዚህ ላይ ከካናዳዎች ልንወስደው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የትራንስፖርት ደህንነት ቦርዱ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነፃ ነው፤ ማስገደድ ግን አይችልም። ያለው ኃይል ማሳፈር ነው። እያንዳንዱን ምክረ ሐሳብ፣ ለእርሱ የተሰጠውን መልስ፣ መልሱም አጥጋቢ፣ በከፊል አጥጋቢ ወይም አጥጋቢ ያልሆነ መሆኑን በየጊዜው እየገመገመ ለማንም እንዲታይ ያወጣል። እኔ ሃያ አምስቱን ዓመት መቁጠር የቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው። መዘግየቱን አላስቀረውም፤ ነገር ግን መዘግየቱ ስም፣ ቀንና ባለቤት እንዲኖረው አድርጓል።

ይህ አሠራር ለአውሮፕላን ብቻ የሚሆን አይደለም። በሕንፃ መደርመስ፣ በአውቶቡስ መገልበጥ፣ በጀልባ መስጠም ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ያጠናል፤ ጥናቱ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ «ከቀረቡት አሥር ነጥቦች ስንቱ ተፈጸመ? ያልተፈጸመው በማን እጅ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይፈለጋል። ይህንን የመጠየቅ ልማድ ያለው ባለሙያ፣ ጋዜጠኛና የምክር ቤት አባል ሲኖር ሪፖርት ሕይወት ያገኛል። ካልሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ያውም ጩኸቱ ታትሞና ተጠርዞ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሕር ዳር ተነስቼ የጣናን ገዳማት ልሳለም በጀልባ ተሳፍሬ ነበር። ጃኬቶቹ ነበሩ፤ ከመቀመጫ ሥር በገመድ ታስረው። ለምን እንደማንለብሳቸው ወጣቱን ጀልባ ነጂ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ አይስጉ፤ ሐይቁ ዛሬ ሰላም ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሐይቁ በዚያን ቀን ሰላም ነበር። እኔም አላስፈታሁትም። ከጎኔ ሕፃን የታቀፈች እናት ተቀምጣ ነበር፤ እርሷም ዝም አለች። ስለ ሳተርና ያነበብኩት ሰውዬ፣ ስለ ኮሞሮስ ያነበብኩት ሰውዬ፣ ገመዱን ለመፍታት አፍሬ ዝም ብዬ ተሻገርኩ።

ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሚያውቅ ሰው እንኳ የሚያውቀውን ብቻውን አያደርገውም። ቢቨሩ ላይ የተሳፈሩት ስምንቱም ውኃውም ሰማዩም ሰላም የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ።